«እናቴ ናት» ብዬ ብቻ አለፍኩ፤ አሁን ደግሞ ሁለት እናቶች ላስተዋውቅ ነው

የጠባሴው | አዲስ አበባ | ማክሰኞ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ልጠይቅ ነው የመጣሁት፤ መነሻውን ሳልነግራችሁ ግን ጥያቄዬ አይገባችሁም።

የዛሬ 14 ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ስመረቅ እናቴ ከደብረ ብርሃን በሌሊት ተነስታ መጣች። የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ አገልግሏን አንጠልጥላ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል እኔን ስትፈልግ አገኘኋት። በሩ አጠገብ የመመረቂያ ጽሑፌን ያማከሩኝ መምህር አጋጠሙን። እኚህ ሰው ገንዘብ አልቆብኝ ትምህርቱን ላቋርጥ ስል ቢሯቸው ጠርተው የመከሩኝ፣ የማሳተሚያውን ከኪሳቸው የሰጡኝ ናቸው። ሰላም አልኳቸውና ወደ እናቴ እያመለከትኩ «እናቴ ናት» አልኩ። ለእሷም «አስተማሪዬ ናቸው» አልኳት። በቃ። ተጨባበጡ፣ «እንኳን ደስ ያለዎት»፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ተባባሉ፣ ሰው ገፋን፣ ተለያየን።

ማታ አክስቴ ቤት ቡና ሲፈላ እናቴ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። «ያንን የመሰለ ሰው በስማቸው ጠርቼ ልመርቃቸው ነበር። ስማቸውን አልነገርከኝ። የኔንም አልነገርካቸው። ምርቃቴ ለማን ብሎ ይድረስ?» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው ያለችኝ። እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

አሁን ትዳር ልይዝ ነው። የእጮኛዬ እናት የደሴ ሰው ናቸው፤ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ልጆቻቸውን ይዘው አየር ጤና ነው የሚኖሩት። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሁለቱ እናቶች ይተያዩ ተብሎ እሁድ ሳምንት ቀጠሮ ተይዟል። ከእናቴ ጋር ታላቅ ወንድሟ ይመጣሉ፤ ቄስ ናቸው። በእነሱ በኩል የእጮኛዬ አጎት ይኖራሉ፤ እሳቸው ሐጂ ናቸው። ወሎ ውስጥ አንድ ቤት ሁለት ሃይማኖት እንደሚያድር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከሁለቱም ወገን ሁሉንም የማውቀው እኔና እጮኛዬ ብቻ ነን።

የማልችለው ይህን ነው። ማንን ለማን ቀድሜ ልናገር? እናቴ በዕድሜ ትበልጣለች፤ ቤቱ ግን የእሳቸው ነው። እናቴን አንቺ እያልኩ ነው ያደግሁት፤ በእነሱ ፊት እንዴት ልጥራት? እጮኛዬ ጉልበት ትሳም ወይስ ጉንጭ? አጎቴና ሐጂው ሲገናኙ እኔ ምን ማድረግ አለብኝ? ሁለተኛ ሰው ያለ ስሙ እንዲያልፍብኝ አልፈልግም።


የቡና_ሰዓት | ጉለሌ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

የጠባሴው ልጄ፣ ጥሩ አድርገህ ጠየቅህ። እኔ አራት ልጆች ድሬያለሁ፤ ስለዚህ የማውቀውን ልበልህ።

መጀመሪያ ስለዚያች ቀን። እናትህን የቆረቆራቸው የስማቸው መቅረት ብቻ አይመስለኝም። መምህሩን «ናቸው» አልካቸው፣ እናትህን «ናት» አልክ። ቤት ውስጥ አንቺ ማለትህ የፍቅር ነው፤ እኔንም ልጆቼ አንቺ ነው የሚሉኝ። ሰው ስታስተዋውቅ ግን የምትናገረው ለሰሚው ነው፤ ሰሚው ደግሞ አንተ ባስቀመጥክበት ቦታ ነው የሚያስቀምጣቸው። «እናቴ ወይዘሮ እገሊት ናቸው» በል። ከዚያ ዞር ብለህ «እማዬ፣ ነጠላሽን ላስቀምጥልሽ» ብትላቸው ምንም አይደል።

ማንን ለማን ላልከው፣ ነገሩ መጀመሪያ የሚነገረው ለታላቂቱ ነው። ወደ እናትህ ዞረህ ባለቤቲቱን በስማቸው ታሳውቃቸዋለህ፣ ቀጥለህ የእናትህን ስም ለባለቤቲቱ። ዕድሜያቸው የተቀራረበ ቢሆን ኖሮ እኔ ባደግሁበት ቤት መንገድ ያደከመው ነው የሚቀድመው። የእናትህ ዕድሜም መንገዱም አንድ ላይ ስለሆነ አትጨነቅ።

ደጅ ላይ አታስተዋውቅ። ደጅ ላይ ሰላምታ ብቻ ነው። እንግዳ ነጠላውን ሳያስተካክል፣ መቀመጫው የት እንደሆነ ሳያውቅ ማን ማን እንደሆነ ቢነገረው አይሰማውም። ይግቡ፣ «ኖር» ተብሎ ይነሳላቸው፣ «በእግዜር» ብለው ይቀመጡ፣ ውሃ ይቅመሱ። ከዚያ አንተ ቆመህ አንድ በአንድ ትናገራለህ። ተቀምጠህ አይሆንም። ጣትም አትቀስር፤ መዳፍህን ዘርግተህ ነው።

እጮኛህ ጎንበስ ትበል። እናትህ ራሳቸው ትከሻዋን ይዘው ያነሷታል፣ አገላብጠው ይስሟታል። ጉልበት እስከመሳም ያለው ለሠርጉ ቀን ይቆይ።

ስም ከጠፋህ ደግሞ፣ ለማንም ይሁን፣ «ማን ነበር ስምዎ» አትበል። «ስምዎን ማን ልበል?» በል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ የመጀመሪያው መርሳትህን ይናገራል፣ ሁለተኛው ለመጥራት መፈለግህን።


ሐያት_አካባቢ | አዲስ አበባ | ረቡዕ ጠዋት

እትዬ፣ በአክብሮት እለያለሁ። እኔ እናቴን በሰው ፊት «ናቸው» ብላት የምትደነግጥ ይመስለኛል። «ምን አስቀየምኩሽ» ነው የምትለኝ። ለእኛ ቤት አንቱታ ርቀት ነው። ስሟን ከነአባቷ ጠርቼ፣ ምን እንደምትሠራ ተናግሬ፣ «ናት» ብል ክብሯ የት ላይ ነው የጎደለው? የጠባሴው እናት የጠየቁትም ስማቸውን ነው እንጂ ግሱን አይደለም።


የቡና_ሰዓት | ጉለሌ | ረቡዕ፣ ረፋድ 4፡30

ልጄ፣ ያንቺ እናት ከደነገጡ ተዪው፤ እናቱን የሚያውቅ ልጁ ነው። እኔ ግን የሰማሁት ሁለቱንም ነው።


የበረዶ_አገር | ስቶክሆልም | ረቡዕ ማታ

ስለ አንቱታ ስትከራከሩ አባቴ እዚህ ሊጠይቁን የመጡ ጊዜ ትዝ አለኝ። የጎረቤታችን የሰባት ዓመት ልጅ አባቴን በባዶ ስማቸው ጠራቸው። አባቴ አልተቆጡም፤ ግን ቀኑን ሙሉ ዝም አሉ። ማታ «ይህ ልጅ አሳዳጊ የለውም?» ብለው ጠየቁኝ።

ስዊድኖችም እንደኛ ነበሩ፤ እንዲያውም ይብሱ ነበር። የሰውን ማዕረግ ሳይጠሩ ማናገር ነውር ስለነበር ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሐኪም «ዶክተሩ ቡና ይፈልጋሉ?» ብለው እንደ ሩቅ ሰው ነበር የሚጠይቁት። በፈረንጆቹ 1967 የሕክምናውን መሥሪያ ቤት ሊመራ የመጣው ብሮር ሬክሴድ የተባለ ኃላፊ ሠራተኞቹን ሁሉ «ዱ»፣ ማለትም አንተና አንቺ፣ ብሎ እንደሚጠራ አስታወቀ። ለውጡ ከእሱም በፊት ተጀምሮ ነበር፤ ግን ስሙ ከዚያ ጋር ተያይዞ ቀረ። ዛሬ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ጽዳት ሠራተኛውንም በአንድ ቃል ነው የሚጠሯቸው።

እኔ ለአባቴ ስል አንቱታን እመርጣለሁ፤ ልጆቼንም በአማርኛ ሲናገሩ አስተምራቸዋለሁ። ከስዊድኖቹ የወሰድኩት ሌላ ነው። ሰው የተሰበሰበበት ቤት የገባ ስዊድናዊ ጥግ ይዞ አይቀመጥም። ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዞረ ለእያንዳንዱ እጁን ይሰጥና የራሱን ስም ይናገራል። ሃያ ሰው ቢኖርም ሃያ ጊዜ። ሰላምታው አጭር ነው፣ ስለ ጤናህም ስለ ልጆችህም አይጠይቅህም፤ ግን ስሙ ያልታወቀ ሰው አብሮ አይበላም። እኛ ዘንድ ሰላምታው ረጅምና ሙቅ ሆኖ ስሙ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ስንት ጊዜ ነው ሰው አቅፌ ስሜ ሳይጠየቅ፣ ስሙንም ሳልሰማ ወደ ቤቴ የተመለስኩት!


ገራዶ | ደሴ | ረቡዕ ማታ

የጠባሴው ወንድሜ፣ አብሽር። የኛን አገር ሰው ልታስተዋውቅ ስለሆነ ደስ እያለኝ ነው የምጽፈው።

ሐጂውን ስትጠራ «ሐጂ» የሚለው ከስማቸው በፊት ይቅደም። መካ ድረስ ሄዶ የተመለሰ ሰው ነው፤ አንዳንዱ ዕድሜ ልኩን አጠራቅሞ ነው የሚሄደው። «አቶ» ብለህ ብትጠራቸው ምንም አይሉህም፤ ቤተሰቡ ግን ልብ ይላል።

እናትህ እጃቸውን ቢዘረጉ ሐጂው ላይጨብጡ ይችላሉ። መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ዝቅ ይላሉ። ይህ ከማታውቃት ሴት ጋር አለመነካካት ነው፤ ትርጉሙ ማክበር ነው። ይህን ለእናትህ ቤት ሳለህ፣ ከመንገድ በፊት ንገራቸው። እዚያው ደርሰው እጃቸው አየር ላይ ከቀረ በኋላ የሚነገር ነገር አይደለም። የሚጨብጡ ሐጂዎችም አሉና እጮኛህን ጠይቃት፤ ልማዳቸውን እሷ ታውቃለች።

አጎትህ ቄስ ስለሆኑ መስቀላቸውን ያወጣሉ። ክርስቲያኑ «ይፍቱኝ» ብሎ ይሳለማል። ሐጂው ጋ ሲደርሱ መስቀሉ በእጃቸው እንዳለ ቆመው እንዳይቸገሩ አንተ ቀድመህ «አባ፣ እኚህ ሐጂ እገሌ ናቸው፣ የእጮኛዬ አጎት» በል። ስሙና ማዕረጉ ከተነገረ ሁለቱ አዋቂዎች የቀረውን ራሳቸው ያውቁበታል። ደሴ ውስጥ ቄስና ሼህ ለሽምግልና አብረው ሲቀመጡ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ሲገናኙ ማንም አያስተምራቸውም። የሚቸገሩት ማን እንደሆኑ ሳይነገራቸው ሲቀር ነው።

በእስልምና የሰላምታ ተራ የታወቀ ነው። ተቀምጦ የሚጋልበው ለእግረኛው፣ የሚሄደው ለተቀመጠው፣ ጥቂቶቹ ለብዙዎቹ፣ ታናሹ ለታላቁ ይጀምራል። እናንተ ገቢዎች ናችሁ፤ ስለዚህ ሰላምታው ከእናንተ ይጀምር፤ እነሱ ይመልሳሉ።

አሁን ያልጠየቅከኝን ልጨምር። እናትህ አገልግል ይዘው ይመጣሉ ብዬ እገምታለሁ። ሥጋ አይኑርበት። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊሙ አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያኑ አይበላም፤ ሥጋ ከቀረበ ገበታው ለሁለት ይከፈላል፣ ያስተዋወቅካቸውም ሰዎች በተለያየ ትሪ ይቀመጣሉ። ድፎ ዳቦ ይጋገር፣ ሽሮና አትክልት ይሁን፣ ማርም ይሆናል። በአንድ መሶብ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ከዚያ ወዲያ ትውውቁ በራሱ ይሄዳል።


የጠባሴው | አዲስ አበባ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡20

ገራዶ፣ እግዜር ይስጥህ። እናቴ ዶሮ ልትሠራ ተሰናድታ ነበር! አሁን ደውዬ ነገርኳት። «ደግ ነገረህ፣ ማነው ስሙ?» አለችኝ። «በስልክ የማውቀው ሰው ነው፣ ገራዶ ይባላል» አልኳት። «ገራዶ ይባረክ» ብላሃለች።

እትዬ፣ «ናት» የሚለውን እስከ ዛሬ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ።


ነጭ_በትር | ሐዋሳ | ሐሙስ ጠዋት

እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። ይህን ክር የጽሑፍ አንባቢ ስልኬ ሲያነብልኝ ከመጀመሪያው ድረስ ሰማሁት። ስለ ስም የምናገረው አለኝ፤ ለእኔ ሰው ማለት መጀመሪያ ስም ነውና።

ብዙ ሰው መንገድ ላይ እጄን ይይዝና «እስኪ እኔ ማን ነኝ?» ይለኛል። በደግነት እንደሚጠይቀኝ አውቃለሁ፤ ድምፁን ለይቼ ስጠራው ደስ ይለዋል። ግን ሳልለይ ስቀር የማፍረው እኔ ነኝ። ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፁ ይለወጣል፣ ታክሲ ተራ ጫጫታ አለ፣ ከአምስት ዓመት በፊት አንዴ ያገኘኝ ሰውም አለ። እባካችሁ፣ ዓይነ ስውር ሰላም ስትሉ ስማችሁን ጨምሩ። «ሰላም፣ እገሌ ነኝ፣ በእገሌ ሠርግ የተዋወቅነው» ብትሉኝ ዕዳ ታወርዱልኛላችሁ። ስትለዩኝም «ሄድኩ» በሉኝ። ሰው አጠገቤ ያለ መስሎኝ ለባዶ ወንበር የተናገርኩበት ቀን አለ፤ ከባድ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ እኔን ሊያስተዋውቅ ሲፈልግ አብሮኝ ላለው ሰው ነው የሚናገረው። «ስሙ ማን ነው? ሥራ አለው?» ብሎ እህቴን ይጠይቃታል፤ እኔ እዚያው ቆሜ። እህቴ ዝም ትላለች፤ መልሱን የምሰጠው እኔ እንደሆንኩ ስለምታውቅ። ብዙ ቤት አረጋውያንም ላይ ይህ ይደርሳል። ጆሯቸው የከበደ አባት አጠገብ ተቀምጦ ልጃቸውን «ስንት ዓመታቸው ነው? ከየት መጡ?» ማለት።

የጠባሴው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ መምህርህ በሕይወት አሉ? ካሉ ለምን አትደውልላቸውም? እናትህም አሉ፣ ስምም አለ። 14 ዓመት ለምርቃት ብዙ አይደለም።


ሲልቨር_ስፕሪንግ | ሜሪላንድ | ሐሙስ፣ በእኛ ጠዋት

ነጭ በትር ያሉት ስለ አረጋውያን እውነት ነው። እናቴን እዚህ ሐኪም ቤት ወስጃት መኪና ላቆም ወጣሁ። ስመለስ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ከእሷ በኋላ የመጣው ሁሉ ታክሞ ወጥቷል። ለካስ ሦስት ጊዜ ጠርተዋታል። የጠሩት ግን በአባቷ ስም ነው። ሟቹ አያቴ አሜሪካ ሐኪም ቤት ውስጥ ሲጠሩ እናቴ ለምን ትነሳ? «አባቴን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ መሰለኝ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ እንግዳ መቀበያው ላይ ቆሜ «የመጀመሪያው ስሟ ነው፤ ሁለተኛው የአባቷ ነው፤ እባካችሁ በመጀመሪያው ጥሯት» እላለሁ። የተናደደብኝ ሰው የለም። እንዲያውም አንዷ ጸሐፊ ስሙን በአነጋገሩ ጽፋ ለጥፋዋለች። እዚህ የተወለዱ ልጆቼ «ኢትዮጵያዊ ሲያስተዋውቁት ስሙን ብቻ ተናገሩ፣ የአባት ስም ላይ ሚስተር አትለጥፉ» የሚለውን ጓደኞቻቸውን ያስተምራሉ።


የአምቦበር_ልጅ | ረሆቦት | ሐሙስ ማታ

ስለ ስም ከተነሳ እኔም ልግባ። በፈረንጆቹ 1991 ቤተ እስራኤላውያንን ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ባመጣው የሰለሞን ዘመቻ ስንመጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በ36 ሰዓት ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ነው የተጓጓዘው፤ ያንን ሁሉ ሕዝብ አንድ በአንድ የጠየቀ የለም። ትምህርት ቤት በገባሁ በሳምንቱ የዕብራይስጥ ስም ተሰጠኝ። አስተማሪዋ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ የሚቀለኝ መስሏት ነው። የአያቴ ስም ደግሞ የቤተሰባችን ስም ሆኖ ተመዘገበ። ቤት ስገባ እናቴ በምትጠራኝ ስም፣ ትምህርት ቤት በሌላ ስም። ሰው ሲያስተዋውቀኝ የትኛዋ እንደሆንኩ እስክመርጥ ዝም እል ነበር።

ሌላው ዓይን ነው። ጎንደር ትልቅ ሰው ሲያናግርሽ ዓይንሽን ዝቅ ታደርጊያለሽ። እዚህ ዓይን ማየት እውነተኛነት ነው፤ ዓይኑን የሰበረ ልጅ ወይ ዋሽቷል ወይ በራሱ አይተማመንም ይባላል። ስንት ልጆቻችን ለአክብሮት አቀርቅረው «ዓይን አፋር» የሚል ወረቀት ተጻፈባቸው!

አሁን እኔ ራሴ አስተማሪ ነኝ። አዲስ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «እናትሽ ማን ብላ ነው የምትጠራሽ?» ብዬ ነው።


ሐያት_አካባቢ | አዲስ አበባ | ዓርብ

ይህ ክር እያለ አንድ ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ስም ከተነገረ በኋላ ወዲያው የሚመጣው ጥያቄ። «የት አገር ሰው ነሽ?» በዚህ ዘመን ይህ ጥያቄ የሚያመው ብዙ ሰው አለ። እኔ አባቴና እናቴ ከተለያየ ብሔር ናቸው፤ መልስ ስሰጥ ሰው ፊት ላይ ሚዛን ሲነሳ አየዋለሁ። የጠባሴው፣ እሁድ ዕለት አጎትህ ይህን እንዳይጠይቁ አደራ።


የቡና_ሰዓት | ጉለሌ | ዓርብ

ሕመምሽ ይገባኛል፤ ልጄ፣ ጥያቄው ግን የተወለደው ከሌላ ቦታ ነው። በኛ ጊዜ «አገርሽ የት ነው፣ የማን ልጅ ነሽ» የሚባለው ዘመድ ለመፈለግ ነው። በተለይ ለጋብቻ ሲሆን እስከ ሰባት ቤት ድረስ ይቆጠራል፤ ሳይጠየቅ ዝምድና አይታወቅም። አጎቱ ካልጠየቁ የመጡበትን ሥራ አልሠሩም።


ሐያት_አካባቢ | አዲስ አበባ | ዓርብ

ለጋብቻ ዘር መቁጠሩን አልቃወምም፤ እሱ በሽማግሌዎች ቀን በሥርዓቱ ይሁን። እኔ የምለው የመጀመሪያው የትውውቅ ሰዓት ላይ፣ ገና ቡናው ሳይፈላ። «የት ሰፈር ናችሁ» ይበቃል። ሰውየው ከወደደ የቀረውን ራሱ ይናገራል።


ሎጊያ_በረሃ | ሰመራ | ዓርብ ማታ

እኔ የአፋር ሰው አይደለሁም፤ ለሥራ መጥቼ ስምንት ዓመት ተቀምጫለሁ። አፋሮች ዳጉ የሚባል አላቸው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ከተገናኘ ቸኩሎ አይተላለፍም። ጥላ ካለ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ከተነሳበት ጀምሮ ያየውን የሰማውን ይናገራል። የት ዝናብ ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ ማን ታመመ፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ። በዓይኑ ያየውንና ከሌላ የሰማውን ለይቶ ነው የሚነግርህ። ከዚያ ተራው ይለወጣል። የሰሙትን ደግሞ ለቀጣዩ ሰው ያደርሳሉ። ውሸት የጨመረ ሰው በሚቀጥለው መንገድ ማንም አይቀመጥለትም።

መጀመሪያ ሥራ ያስፈታኝ ነበር። አሁን ሌላ ከተማ ስሄድ የሚጎድለኝ እሱ ነው። ለሐያት አካባቢ ልላት የፈለግሁት፣ «ከየት መጣህ» የሚለው እዚህ የጉዞ ጥያቄ ነው፤ መንገድህ ምን እንዳሳየህ ነው የምትጠየቀው። እሁድ ዕለትም አጎትዬው «ከደብረ ብርሃን እስከዚህ መንገዱ እንዴት ነበር?» ተብለው ቢጀመር ጥሩ ነው። መንገድ ሁሉም የሚናገረው አለው።


ብራና | ባሕር ዳር | ቅዳሜ

ለስም ያላችሁን ክብር ወደድኩት። ድሮ ሰው በፈረስ ስሙ ይጠራ ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። በደርግ ጊዜ ሹሙ ሁሉ «ጓድ» ሆነ፣ ከ1983 በኋላ «አቶ» ተመለሰ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም እንዲኖረን ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በአባት ስም ጸና፣ ሴቲቱም አግብታ ስሟን እንደያዘች ቀረች። ስለዚህ የጠባሴው፣ እናትህን በአባትህ ስም «ወይዘሮ» እንዳትላቸው። የራሳቸውን ስም ነው።


የጠባሴው | አዲስ አበባ | ከእሁዱ በኋላ፣ ሰኞ ማታ

እሁድ የሆነውን ልነግራችሁ መጣሁ።

ደጅ ላይ ሰላምታ ብቻ ሆነ። እናቴ ገብታ «እንደምን ዋላችሁ» አለች፤ ሁሉም ተነሱ። ውሃ ተጠጣ። ከዚያ ቆምኩ። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወደ እናቴ ዞሬ ባለቤቲቱን ከነአባታቸው ስም ጠራሁ፤ ሦስት ልጆች ለብቻቸው እንዳሳደጉና እንጀራ እየጋገሩ እንዳስተማሩ ተናገርኩ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞርኩና «እናቴ ወይዘሮ» ብዬ ስሟን ከነአባቷና ከነአያቷ ጠራሁ። «ናቸው» አልኩ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ሐያት አካባቢ፣ አልደነገጠችም፤ ግን ማታ «አንቺ ማለቱን እንዳትተው» ብላኛለች፤ ስለዚህ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።

አጎቴ ጋ ገራዶ እንዳለው አደረግሁ። ቀድሜ «ሐጂ» ብዬ ስማቸውን ስናገር አጎቴ መስቀላቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና ቀኛቸውን ዘረጉ። ሐጂው በሁለት እጃቸው ያዟቸው። «መንገዱ እንዴት ነበር?» የሚለውን ሐጂው ራሳቸው ጠየቁ፤ አጎቴ ስለ መንገዱ ጉም ጀመሩ፣ ሐጂው ድሮ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩና ያንን መንገድ እንደ መዳፋቸው ያውቁታል። ለአንድ ሰዓት ያህል ሌላ ወሬ አልነበረም። ዘር የጠየቀ የለም፤ እሱ ለሽማግሌዎቹ ቀን ተትቷል። ድፎ ዳቦውን ሐጂው «ቢስሚላህ» ብለው፣ አጎቴ ባርከው፣ አብረው ቆረሱት። እጮኛዬ ጎንበስ ስትል እናቴ አላስጨረሰቻትም።

ስንመለስ እናቴ መኪና ውስጥ የሁሉንም ስም አንድ በአንድ ጠራች። ቡና ያፈላችውን የጎረቤት ልጅ ስም ብቻ አጣችው። እሷን አላስተዋወቅኋትም። በማግስቱ ለእጮኛዬ ደውዬ ጠየቅሁ፤ አሁን እናቴ ታውቀዋለች።

ነጭ በትር፣ ያልከኝን አደረግሁ። መምህሬ ጡረታ ወጥተዋል። ቁጥራቸውን ከድሮ ተማሪ አገኘሁና ዛሬ ከሰዓት እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ደወልኩ። ማን እንደሆንኩ ተናገርኩ፣ ለምን እንደደወልኩም ነገርኳቸው። ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት። ቆማ ተቀበለችው። ስማቸውን ጠርታ መረቀች፤ ዕድሜ፣ ጤና፣ የልጅ ልጅ፣ ምንም አላስቀረችም። እሳቸው እስክትጨርስ «አሜን» ሲሉ ይሰማኝ ነበር። ስታበቃ ትንሽ ዝም አሉና፣ «እሜቴ፣ ስምዎን ማን ልበል?» አሏት።